መድኃኒቱን ጭነን ያለፍነው ማሳ

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ደመወዝ የፈረምኩት «የሰብል ጥበቃ ባለሙያ» በሚል መጠሪያ ነው። ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ግን እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ስሜ ጥሩወርቅ ነው። የሶማሊ ገበሬዎች «ወርቅ» የሚለውን ብቻ ወስደው ወደ ቋንቋቸው መለሱትና «ዳሃቦ» አሉኝ፤ በዚያው ጸና። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬም ዘይትና ሩዝ ልገዛ ሱቅ ስገባ በቅጡ የማላስታውሰው ሰው «ዳሃቦ፣ ዘንድሮ ስንዴው እንዴት ነው?» ይለኛል። «ደህና ነው» እላለሁ። ይህን ቃል ያለ ፍርሃት ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እሱ አያውቅም።

ሥራዬ በአመዛኙ ከዋግ ጋር ነበር። ዋግ የስንዴ በሽታ ነው። ዓይን የማያየው ዘሩ በነፋስ ይመጣና ጤዛ ያለበት ቅጠል ላይ ያርፋል። አየሩ ቀዝቀዝ ካለለት ቅጠሉን እየበላ በቢጫ ዱቄት ይሸፍነዋል። ያንን ዱቄት ነፋስ ይወስድና ጎረቤት ማሳ ላይ ያራግፈዋል። የታመመ ስንዴ ከሩቅ ሲያዩት የደረሰ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያሹት ግን መዳፍ ላይ የሚቀረው ገለባና የተጨማደደ ፍሬ ነው። የጅግጅጋ ሜዳ ደግሞ ለስንዴ ይመቻል። ካረን የሚባለው የክረምቱ ዝናብ በደንብ የጣለ ዓመት ሜዳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ይሆናል። ችግሩ ስንዴው የሚወደውን ዝናብ ዋጉም መውደዱ ነው።

አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። እኔ ጅግጅጋ ተወልጄ ሶማሊኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ስሯሯጥ ለመድኩ። የእርሻ ኮሌጅ ጨርሼ ስመለስ መንግሥት ተለውጦ መሥሪያ ቤቶች እንደገና እየተቋቋሙ ነበር። የተመደብኩበት ክፍል ውስጥ የነበረው አንድ ወንበር ብቻ ነው። እሱም የቡድን መሪያችን የአቶ ዩሱፍ ነበር። እሳቸው ግን ቦርሳቸውን አስቀምጠውበት ቆመው ነበር የሚሠሩት፤ ከቢሮ ይልቅ ማሳ ውስጥ ስለሚውሉ ወንበር ለምን እንደሚያስፈልግ የገባቸው አይመስለኝም።

አቶ ዩሱፍ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ የከተማው ተወላጅ ነበሩ። ወደ ማሳ ሲወጡ ነጭ ሱሪ ይለብሳሉ። በመጀመሪያው ጉዟችን፣ «አቶ ዩሱፍ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ። የደረስንበት ማሳ ባለቤት ስንዴው የገረጣው ፀሐይ መትቶት ነው ብሎ ተከራከረን። አቶ ዩሱፍ ማሳውን መሀል ለመሀል ሰንጥቀው አለፉና ተመለሱ። ከጉልበታቸው በታች ሱሪው ብርቱካንማ ቢጫ ሆኖ ነበር።

«ፀሐይ ሱሪ ታቀልማለች?» አሉት ቀስ ብለው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሱሪውን በጣቱ ነካ፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። በመኪና ስንመለስ ግን አቶ ዩሱፍ ደስ አላላቸውም። «ሱሪዬን ካቀለመው ዘግይተናል ማለት ነው። ለገበሬው ማስረጃ ይሆናል፤ ለኛ ግን ውድቀት ነው» አሉኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እንዲህ እየሄዱ ነው። ከመንገድ ዳር አይተው አይፈርዱም። ማሳው እምብርት ድረስ ይገቡና ተንበርክከው ከታች ያሉትን ቅጠሎች ይገልጣሉ፤ ዋግ ከላይ ከመታየቱ በፊት ብዙ ጊዜ እታች ነውና የሚጀምረው። ቢጫው በቅጠሉ ላይ በልብስ መኪና የተሰፋ ይመስል በቀጭን መስመር ከተደረደረ፣ በጣታቸው ይጠርጉትና ወደ ብርሃን ያነሡታል። ጣታቸው ላይ ዱቄት ካልቀረ በሽታው ሌላ ነው፣ ወይም መሬቱ ተርቧል። ጤዛው ጠዋት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ገበሬውን ይጠይቃሉ። ደግሞም ምንም ዓይነት መጥፎ ነገር ቢያገኙ ለባለቤቱ ሳይነግሩ ከማሳው አይወጡም። «ቢሮ ሆነሽ የምታስተላልፊው ክፉ ወሬ ሐሜት ነው» ይሉኝ ነበር። «ዓይኑን እያየሽ ንገሪው።»

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ከምርምር ማዕከል «ዋግ የሚቋቋም» የተባለ የስንዴ ዝርያ ሲመጣ «ለጊዜው» የምትለውን ቃል ይጨምሩበታል። ስብሰባ ላይ ሳይቀር «ለጊዜው የሚቋቋም» ይላሉ። አለቆቻችን ይህ ገበሬውን ያስፈራዋል ብለው ይቆጡ ነበር። እሳቸው ግን ዋግ እንደሚለወጥ፣ ትናንት ያልደፈረውን ዝርያ ዛሬ የሚደፍር ሌላ ዓይነት እንደሚወለድ አይተዋል።

በመሀሉ ኤረር ተመድቤ ጥቂት ዓመታት ቆየሁ። ኤረር ሙቀት ነው፤ ስንዴ የለም። በመስኖ የሚለማ ቲማቲምና ሽንኩርት ነበር፣ በሽታውም ሌላ ነው። መርጨትን በደንብ የተማርኩት እዚያ ነው። በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ሞክሬ፣ አንድ ሰው በአንድ መደብ ላይ ስንት እንደሚያፈስ ሳላይ መድኃኒት አልቀላቅልም። አንዱ ሰው እንደ ሩጫ ይራመዳል፣ አንዱ እንደ ሽማግሌ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መርጫ ይዘው አንዱ ቅጠሉን ሳያርሰው ያልፋል፣ ሌላው ያቃጥለዋል። ነፋስ ሲነሣ ሥራ አቆማለሁ። ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ የመጣውን እመልሳለሁ። በዚህ ምክንያት ኤረር ውስጥ የሚወደኝ ሰው ብዙ አልነበረም።

ወደ ጅግጅጋ ስመለስ አቶ ዩሱፍ ዓይናቸው ደክሞ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ቦታቸው ለኔ ተሰጠኝ። ወዲያው ከምርምር ማዕከል አዲስ ስንዴ መጣ። ለማስተዋወቅ ከመረጥኳቸው ገበሬዎች አንዱ ሐጂ ፋራህ ናቸው።

ሐጂ ፋራህ በወጣትነታቸው የድሬዳዋን መንገድ በጭነት መኪና የተመላለሱ ሰው ናቸው። አማርኛቸውን የተማሩት በዚያ ነው። ኋላ መኪናውን ትተው ከከተማው በስተሰሜን ዝቅ ባለ መሬት ላይ ትራክተር እየተከራዩ ስንዴ ያርሱ ጀመር። መሬቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጤዛ ይተኛበታል። ስለዚህ ዋግ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያርፈው እሳቸው ጋ ነው። አዲሱን ዘር ሳመጣላቸው የመሬታቸውን አንድ ጥግ ብቻ ሰጡኝ። የዚያን ዓመት አሮጌው ስንዴያቸው በዋግ ቢጫ ሆነ፤ ያቺ ጥግ ግን አረንጓዴ እንደሆነች ደረሰች።

«ይኼ ዘር አይታመምም?» አሉኝ።

«ለጊዜው ይቋቋማል፣ ሐጂ።»

ከት ብለው ሳቁ። «ለጊዜው ያልሆነ ምን አለ? እኔም ለጊዜው ነኝ።»

በሚቀጥለው ዓመት መሬታቸውን በሙሉ በሱ ዘሩ። ሚስታቸው ሆዳን ደግሞ ከዚያ ዘር ጥቂቱን ከፍ ብሎ ባለው መንደር ለሚኖሩት ወንድሞቿ ላከችላቸው። ለጥቂት ዓመታት ሜዳው ሁሉ በዚያ ስንዴ ተሸፈነ። ዋግ ስለጠፋም በመጋዘናችን መድኃኒት ማስቀመጥ ቀረ። የሚበላሽ እንጂ የሚጠቅም ዕቃ አይደለም ተባለ።

ከዚያ ዝናቡ አልቆም ያለበት ዓመት መጣ። ካረን አልፎ፣ መስከረም አጋምሶ፣ ሰማዩ አልጠራም። ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው። የሐጂ ፋራህን ማሳ ልጎበኝ ገብቼ እንደ ልማዴ ተንበረከክሁና የታችኛውን ቅጠል ገለጥኩ። ያ በመስመር የተሰፋ ቢጫ ተደርድሯል። አላመንኩም፤ ሌላ ቅጠል ያዝኩ፣ አሥር እርምጃ ሄጄ እንደገና ገለጥኩ። ያው ነው። አይነካውም የተባለውን ስንዴ ዋግ ነካው።

ለሐጂ እዚያው ነገርኳቸው። ቢሮ ተመልሼ መድኃኒት ይላክ ብዬ ወደ ላይ አስታወቅሁ። ግን የኛ ሜዳ ብቻ አልነበረም የታመመው። በየክልሉ ገበሬው ይጮኻል፤ መድኃኒት ለሁሉም አልበቃም። ለኛ የደረሰው ጭነትም መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ከካራማራ ተራራ ወዲያ ማዶ ቆመ። በየቀኑ ጠዋት ሹፌራችን ኃይሉ መንገዱ ተከፍቶ እንደሆነ ጠይቆ ይመጣና በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል።

በመጨረሻ ሲደርስ የመጣው ከጠየቅነው እጅግ ያነሰ ነበር። ጭነን በማለዳ በቀጥታ ወደ ሐጂ ፋራህ ሄድን። እሳቸው በርሜሎች ውሃ አስሞልተው፣ ሰዎች ቀጥረው፣ መንገድ ዳር ይጠብቁናል። ሆዳን የሠራተኞቹን ምግብ ይዛ መጥታለች።

«ሁሉም ተዘጋጅቷል፤ ከየት እንጀምር?» አሉኝ።

«መጀመሪያ ልግባ፣ ሐጂ» ብዬ ወደ ማሳው ገባሁ። መንበርከክ አላስፈለገኝም። የእሸቱ ምግብ በአብዛኛው የሚሠራው በመጨረሻዋ፣ በላይኛዋ ቅጠል ነው፤ እሷ ከሞተች መድኃኒት አያስነሣትም። በየሄድኩበት እሷ ደርቃለች። እሸቱን ስጨምቀው ባዶ ነው። እስከ ማሳው መጨረሻ ሄድኩ፤ አንድ የተረፈ ቁራጭ እንኳ ባገኝ ብዬ። አላገኘሁም።

«ሐጂ፣ ይኼ ማሳ አልፏል» አልኳቸው።

«አልፏል ማለት ምንድን ነው?»

«ቅጠሉ ሞቷል። ብንረጨውም ፍሬ አይሰጥም። ያለን መድኃኒት ትንሽ ነው። ላይ መንደር ያሉት ዘግይተው ነው የዘሩት፣ የነሱ ገና ይድናል። ወደዚያ ልወስደው ነው።»

ወደ መኪናው ተመለከቱ፣ ጀሪካኖቹን አዩ። «ዘሩን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ ዳሃቦ።»

«አዎ። እኔ ነኝ።»

«አሁን መድኃኒቱን ጭነሽ በፊቴ ልታልፊ ነው?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

ትንሽ ብረጭላቸው ለዚያን ቀን ደስ ይላቸው ነበር። ኃይሉም በጆሮዬ «እትዬ ጥሩ፣ ለይሉኝታ እንኳ ጥቂት እንርጭላቸው» ብሎኛል። ግን እዚያ የማፈሰው እያንዳንዱ ጀሪካን ሊድን ከሚችል ማሳ የሚቀነስ ነው። ሐጂ ጀርባቸውን ሰጡኝና የቀጠሯቸውን ሰዎች አሰናበቱ። ሆዳን የምግቡን እቃ አንሥታ ራሷ ላይ አደረገችና ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።

ላይ መንደር የደረስነው ነፋስ ሳይነሣ ነው። የሆዳን ወንድሞችና ጎረቤቶቻቸው መርጫ አዝለው እስኪደክማቸው ሠሩ፤ በማግስቱም ቀጠልን። ያ ስንዴ ዳነ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። እኔ ግን ስመለስ የሐጂን ማሳ ላለማየት በሌላ መንገድ ዙር አልኩት ኃይሉን።

የዚያን ሰሞን አቶ ዩሱፍ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጨርሼ እስክነግራቸው አላቋረጡኝም።

«ነገርሽው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ነገርኳቸው።»

«ከማሳው ሳትወጪ?»

«እዚያው።»

«እንግዲያው የሚሠራውን ሠርተሻል። ይወድሽ ዘንድ ግን ልታዢው አትችዪም።»

እውነታቸውን ነበር፤ ሐጂ ፋራህ ስንዴ ትተው ማሽላ ያዙ። ገበያ ውስጥ ስንገናኝ መንገድ ይቀይራሉ። በቤታቸው ያን ዓመት ከብት ተሸጠ ሲሉ ሰማሁ። እኔም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሥራዬ አንድ ነበር፤ ዋግ ኖረም አልኖረም መድኃኒት በመጋዘን ይግባ ብዬ መጨቃጨቅ። ገንዘብ ያዥዋ ገና ስታየኝ «መጣች ደግሞ» ትል ነበር። ባይወዱም ያስገቡልኝ ጀመር።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ዝርያ ተላከልን። የላኩት ሰዎች በዚህኛው ጠንቃቆች ነበሩ። ዋግ ጨርሶ አይነካውም አላሉም፤ ቢነካውም ቀስ ብሎ ነው የሚሄድበት፣ ስለዚህ በጊዜ አንድ ጊዜ ከተረጨ ይተርፋል ነው ያሉት። ለመሞከር ዋግ ቀድሞ የሚያርፍበት መሬት ያስፈልግ ነበር። አዲሱ አለቃዬ ለጉብኝት እንዲመች መንገድ ዳር ይሁን አለ። በሽታ በማይደርስበት ቦታ ምን እንፈትናለን ብዬ ተከራከርኩና አሸነፍኩ። ካሸነፍኩ በኋላ ነው የት መሄድ እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ። ከሐጂ ፋራህ መሬት የበለጠ ለዋግ የሚመች አላውቅም።

ሄድኩ። ሆዳን በር ላይ አገኘችኝና በሶማሊኛ «ግቢ» አለችኝ። በወተት የፈላ ሻይ አቀረበችልኝ። ሐጂ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ ሸምግለዋል። የመጣሁበትን ተናገርኩ።

ቀድማ የተናገረችው ሆዳን ናት። «ያን ዓመት ምን እንደበላን ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

«የወንድሞቼን ስንዴ። ያንቺ መድኃኒት ያዳነውን። በግመል ጭነው አመጡልን። አራት ልጆቼ ክረምቱን የወጡት በዚያ ነው። ይኼ ሽማግሌ ግን ይህን ላንቺ ሊነግርሽ አፍሮ ስንት ዓመት መንገድ ሲቀይርብሽ ኖረ።»

«ማፈር ብቻ አይደለም» አሉ ሐጂ። «ተቆጥቼ ነበር። አልዋሽሽም፣ በጣም ተቆጥቼ ነበር። ስንዴው ከቤቴ እንደገባ ቁጣው አለፈልኝ፤ ግን አንድ ጊዜ ጀርባዬን ሰጥቼሽ፣ እንዴት ብዬ ልዙር?»

ሆዳን ብርጭቆዬን ወስዳ ሳትጠይቀኝ ሞላችልኝ። ያን ሁሉ ዓመት በደረቴ ይዤው የኖርኩት ነገር እዚያ ምንጣፍ ላይ ሟሟ። ሐጂም፣ «መሬቱን ውሰጂ። ግን ጥጉን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም እንዝራው» አሉኝ።

ጡረታዬ በቀረበበት ዓመት ዝናቡ እንደገና ያለ ልክ ጣለ። አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ሐጂ ፋራህ ናቸው።

«ዳሃቦ፣ ተንበርክኬ ነው የምደውልልሽ» አሉኝ።

«ምን ሆኑ?»

«እታች ቅጠሉ ላይ ስፌቱ አለ። በጣቴ ጠረግሁት፤ ዱቄቱ ቀረብኝ።»

«ላይኛዋ ቅጠልስ?»

«ንጹሕ ናት።»

«እንግዲያው ውሃ ያስቀዱ፣ ሐጂ። ነገ ማለዳ እዚያ ነኝ።»

በዚህኛው ጊዜ መድኃኒቱ በመጋዘናችን ነበረ። በማግስቱ ጤዛው ሲረግፍ መርጫዎቹን በውሃ ፈትኜ፣ የአንዱን መርጫ የተደፈነ አፍንጫ አጥቤ፣ ሰዎቹን በመስመር አሰለፍኳቸው። ሐጂ ራሳቸው ሊያዝሉ ፈለጉ፤ ዕድሜዎን ይዩት ብዬ ከለከልኳቸው፣ ተቆጡ፣ በኋላ ውሃ በመቅዳት ተስማማን። ነፋስ ሲመጣ ቆመን፣ ሲተኛ ቀጠልን። ለጎረቤቶች ሁሉ ወሬው ስለደረሰ ከየማሳው ሰው እየመጣ «የኔንም እይልኝ» ይለኝ ነበር። አንዳንዱ ጋ ዋጉ ገብቷል፣ አንዳንዱ ጋ ገና ነው። መድኃኒቱን ያዳረስነው ለገባበት ብቻ ነው። በቃን።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ከመርጨት የሚከብደው ይህ ነው። ማሳው ውስጥ በየጊዜው እየገባሁ ላይኛዋን ቅጠል እመለከታለሁ፤ አረንጓዴ ናት። እታች ያለው ቢጫ ደርቆ ወደ ቡናማ ተለወጠ፤ ወደ ላይ አልወጣም። እሸቱ ወተት ያዘ፣ ከዚያ ጠጠረ። ሆዳን አንድ ቀን ፍሬ ፈልፍላ በጥርሷ ሰበረችና ድምፁን እንድሰማ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ተቃቅፈን ሳቅን።

ኮምባይነሩ የገባ ቀን ሳልጠራ ሄድኩ። አቧራው እስከ ሰማይ ነው። ሐጂ ማጨጃው ላይ ካልወጣሁ ብለው አስቸግረው፣ ወጥተው ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ የሚጮኹትን ማንም አይሰማም። ስንዴው ወደ ተሳቢው መውረድ ሲጀምር እጄን ሰደድሁበት። ሙሉ ነው፣ ከባድ ነው፣ ይሞቃል። ማዶ ያለው የጎረቤት ማሳም፣ ከሱ ወዲያ ያለውም እንዲሁ ወርቅማ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ሆዳን የፍየል ሥጋ በሩዝ አቅርባ «ብዪ እንጂ፣ ምን ትቆሚያለሽ» እያለች እስክታጠግበኝ አልለቀቀችኝም።

ከሰዓት በኋላ ኃይሉ ወደ ከተማ ይዞኝ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ ግራና ቀኙን እያየሁ፣ አቁም እያልኩ፣ ወርጄ ቅጠል እየገለጥኩ ነበር የምመለሰው። ያን ቀን መቀመጫው ላይ ደገፍ እንዳልኩ ሌላ አላስታውስም። ኃይሉ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሲቀሰቅሰኝ መኪናው ቆሟል።

«እትዬ ጥሩ፣ ደርሰናል እኮ» አለኝ። «መንገዱን ሙሉ ተኙ።»

ቀና ብዬ አየሁ፤ የቤቴ በር ነው።